ፖሊስተር ቀለሙን እንዳይለቅ፦ በዲስፐርስ ቀለም የማቅለም የአሠራር መመሪያ

ፖሊስተር የሚያቀልሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው፦ «ጨርቁ ከማቅለሚያው ሲወጣ ደምቆ ነበር፤ ሲታጠብ ግን ለቀቀ፤ በነጭ ጨርቅ ሲታሽም አቀለመ። የገዛሁት ቀለም የማይረባ ነው ማለት ነው?» ብዙውን ጊዜ ቀለሙ ምንም አልሆነም። የፋይበሩ ገጽ ላይ ተለጥፎ ቀረ እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በ10 ግራም የሙከራ ጨርቅ የተሰላ ነው። መጠኖቹን አባዝተው ለትልቅ ማሽን መውሰድ ይችላሉ፤ ሙቀቱ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ማሽኑ ውሃውን በሚያዘዋውርበት አቅም ልክ መስተካከል አለበት።

ገጹ ምን ያህል ቀለም ይይዛል?

ይህን ስሌት አንድ ጊዜ መሥራት ከኋላ የሚመጡትን ደረጃዎች ሁሉ ያስረዳል። 1.5 ዴሲቴክስ የሆነ (ማለትም 10,000 ሜትሩ 1.5 ግራም የሚመዝን) ክብ የፖሊስተር ፋይበር ውፍረቱ 12 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። የፖሊስተር ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.38 ግራም ስለሆነ 10 ግራም ጨርቅ 2.5 ካሬ ሜትር ያህል የፋይበር ገጽ አለው። አንድ የቀለም ሞለኪውል ገጹ ላይ ተኝቶ 1 ካሬ ናኖ ሜትር ይይዛል፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱም 350 ነው እንበል። ገጹን በሙሉ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ለመሸፈን 1.5 ሚሊ ግራም ያልሞላ ቀለም ይበቃል። እኛ ግን የ2 በመቶ ቀለም ለማግኘት 200 ሚሊ ግራም ዱቄት እንጨምራለን። ከዱቄቱ ግማሹ በታኝ ኬሚካል (የቀለሙ ቅንጣቶች እንዳይሰባሰቡ የሚያደርግ) ነው ብንል እንኳ 100 ሚሊ ግራም ንጹህ ቀለም ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ገጹ በአንድ ሞለኪውል ውፍረት ሊይዝ የሚችለው ከመቶ አንድ ተኩል አይሞላም። ገጹ በር ነው፤ ማደሪያው ውስጥ ነው። በሩ ላይ ተደራርቦ የቀረ ቀለም በመጀመሪያው እጥበት ይሄዳል።

ቀለሙ እንዴት ይገባል? ዲስፐርስ ቀለም ውሃ ውስጥ የሚሟሟው በጣም ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ከ1 ማይክሮ ሜትር ባነሱ ደቃቅ ቅንጣቶች ተበትኖ ይቆያል። ቅንጣቱ እንዳለ ወደ ፋይበሩ አይገባም። የሚገቡት ተሟሙተው ነጠላ የሆኑት ሞለኪውሎች ናቸው። እነሱ ገጹ ላይ ይያዛሉ፣ ከገጹ ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፤ በውሃው ውስጥ የጎደለውንም ከቅንጣቶቹ የሚሟሙ ሌሎች ሞለኪውሎች ይተካሉ። የገጹ አያያዝ፣ ማለትም አድሶርፕሽኑ፣ ፈጣን ነው። አዝጋሚው ስርገቱ ነው፤ ጊዜና ሙቀት የምንከፍለውም ለእሱ ነው። የፖሊስተር ሰንሰለቶች (ፋይበሩ የተሠራባቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች) ውሃ ውስጥ ከ80°ሴ ገደማ በታች ድርቅ ብለው ስለሚቆሙ ሞለኪውሉ የሚያልፍበት ክፍተት አያገኝም። ከዚያ በላይ ሰንሰለቶቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፤ 130°ሴ ላይ ደግሞ ስርገቱ ለሥራ በሚመች ፍጥነት ይሄዳል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጨርቁና ለማቅለሚያው፦
- ነጭ የፖሊስተር ጨርቅ፣ 10 ግራም
- ዲስፐርስ ቀለም፣ 0.2 ግራም (የጨርቁ ክብደት 2 በመቶ)
- በታኝ ኬሚካል፣ አኒዮኒክ (ውሃ ውስጥ ኔጌቲቭ) የሆነ፣ በሊትር 1 ግራም
- ሶዲየም አሴቴት፣ በሊትር 1 ግራም፤ ፒኤች ለማስተካከል ደግሞ 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ
- ኢዲቲኤ፣ በሊትር 0.5 ግራም
- የተጣራ ወይም የለሰለሰ ውሃ

ለእጥበት፦
- ኖንአዮኒክ (ኤሌክትሪክ የማይሸከም) ማጠቢያ፣ በሊትር 1 ግራም
- ሶዳ አሽ፣ በሊትር 1 ግራም
- ኮስቲክ ሶዳ፣ በሊትር 2 ግራም
- ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት፣ በሊትር 2 ግራም

መሣሪያ፦
- እስከ 135°ሴ የሚደርስ፣ ሲሊንደሮቹ ጥብቅ ክዳን ያላቸውና የሚሽከረከሩ የናሙና ማቅለሚያ ማሽን
- እስከ 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን፣ ፒፔት፣ ቢከር፣ ፒኤች መለኪያ፣ ቴርሞሜትር
- ለመለካት አሴቶንና ስፔክትሮፎቶሜትር (ቀለም የመጠጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ፤ ከሌለ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ደረጃዎች ደረጃ 11ን ብቻ ይሥሩ)
- ጓንት፣ መነጽር፣ አየር የሚያወጣ ማራገቢያ

የ10 ግራም ሙከራ ላይ ኬሚካሉን በዱቄት እየመዘኑ መጨመር ስህተት ያበዛል። 0.1 ግራም በሚመዘንበት ቦታ የሚዛኑ ትንሽ ስህተት ብዙ በመቶ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድመው ቀለሙን በ1 በመቶ፣ በታኙንና ሶዲየም አሴቴቱን በ10 በመቶ፣ ኢዲቲኤውን በ5 በመቶ አዘጋጅተው በፒፔት ይለኩ።

አሠራሩ

1. ጨርቁን ይጠቡ። ማጠቢያውንና ሶዳ አሹን በያዘ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ በ70°ሴ ለ20 ደቂቃ አጥበው በሙቅ፣ ቀጥሎም በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁ። ፋይበሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ዘይት ተቀብቶ ነው፤ በሽመና ጊዜም ሌላ ይጨመርበታል። ዲስፐርስ ቀለም ከውሃ ይልቅ ዘይት ውስጥ በቀላሉ ስለሚሟሟ ዘይት የቀረበት ቦታ ቀለሙን ሰብስቦ ነጠብጣብ ይሠራል። ማለቅለቁን አይቸኩሉበት። ኖንአዮኒክ ማጠቢያ ሙቀቱ ከፍ ሲል ከውሃው ይለያል፤ ሲለይም የቀለሙን ቅንጣቶች ይዞ ይሰበስባል። 70°ሴ ላይ ጥሩ ያጠበው ማጠቢያ 130°ሴ ላይ ጠላት ይሆናል።

2. ገጹ ወጥ መሆኑን ይፈትሹ። ጨርቁን አድርቀው በአምስትና በስድስት ቦታ አንድ አንድ ጠብታ ውሃ ይጣሉበት። ፖሊስተር ውሃ አይወድም፤ ጠብታው ቶሎ መጠጣቱን ሳይሆን በሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ጊዜ መውሰዱን ይመልከቱ። አንዱ ጠብታ ወዲያው ተጠጥቶ ሌላው ኳስ ሆኖ ከቆመ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ። የሚያወዳድሯቸው ጨርቆችም ቀድሞ ያዩት ሙቀት አንድ መሆን አለበት። በተለያየ ሙቀት የረጋ (ቅርጹ በደረቅ ሙቀት እንዲጸና የተደረገ) ፖሊስተር ኬሚካሉ አንድ ቢሆንም የክሪስታሉ መጠን ስለሚለያይ ቀለም የሚወስደው በተለያየ ልክ ነው።

3. መጠኑን ያስሉ። 10 ግራም ጨርቅ በ1 ለ 20 ሬሾ 200 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ከ1 በመቶው ቀለም 20 ሚሊ ሊትር፣ ከበታኙ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከሶዲየም አሴቴቱ 2 ሚሊ ሊትር፣ ከኢዲቲኤው 2 ሚሊ ሊትር ይወስዳሉ። ጨርቁን ደረቅ ሆኖ መመዘን እንዳይረሱ። እርጥብ ጨርቅ ተመዝኖ የወጣ «2 በመቶ» ከትክክለኛው በላይ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ቀለም አይወጣም።

4. ቀለሙን ይበጥብጡ። 1 ግራም ዱቄት በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ጓሉ እስኪጠፋ አሽተው ከ40–50°ሴ ባልበለጠ ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ያድርሱት። የፈላ ውሃ አይጨምሩ። ሙቀቱ ደቃቅ ቅንጣቶቹን አሟምቶ መልሶ በትልልቅ ክሪስታሎች ላይ ያረጋቸዋል፤ በታኙም ከቅንጣቱ ገጽ ይለቃል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢያማስሉት አይመለስም። ለማረጋገጥ አንድ ጠብታ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይጣሉ። ወጥ ሆኖ ከተሰራጨ ደህና ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም አሸዋ መሳይ ነገር ከቀረ ይድፉትና አዲስ ይበጥብጡ። ያደረ ብጥብጥ ከመጠቀምዎ በፊት ይናጥ፤ ይጣራ።

5. የማቅለሚያውን ውሃ ያዘጋጁና ፒኤቹን ያስተካክሉ። 160 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ መጀመሪያ ኢዲቲኤውን፣ ቀጥሎ በታኙን፣ ቀጥሎ ሶዲየም አሴቴቱን፣ በመጨረሻ ቀለሙን ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። ካልሲየምና ማግኒዚየም አኒዮኒኩን በታኝ ስለሚያከሽፉት እነሱን የሚይዘው ኢዲቲኤ ቀድሞ መገኘት አለበት። አሁን አሴቲክ አሲዱን ጠብታ በጠብታ እየጨመሩ ፒኤቹን ከ4.5 እስከ 5 መካከል ያቁሙና ውሃውን 200 ሚሊ ሊትር ይሙሉ። ብዙ ዲስፐርስ ቀለሞች በአልካሊና በ130°ሴ ሲቆዩ ሞለኪውላቸው ይሰነጠቃል፤ ቀለማቸው ይለወጣል ወይም ይፈዛል። አሲዱን ብቻ ጨምሮ መተው አይመከርም። ከጨርቁ የሚወጣ ቀሪ ሶዳ ፒኤቹን ይዞት ይወጣል፤ አሴቴቱ ያለው ይህን እንዲሸከም ነው።

6. ጨርቁን በ50–60°ሴ ያስገቡ። አስቀድመው በለብ ውሃ አርጥበው ጨምቀው ያስገቡትና ማሽኑን 5–10 ደቂቃ ሳያሞቁ ያሽከርክሩ። ደረቅ ጨርቅ አየር ይዞ ይገባል፤ አየር የያዘው ቦታ ውሃ አይደርሰውም። በዚህ ሙቀት ፋይበሩ ዝግ ስለሆነ ቀለሙ ሳይጣደፍ በእኩል ይዳረሳል።

7. ሙቀቱን ይጨምሩ። እስከ 80°ሴ በደቂቃ 2°ሴ፣ ከ80 እስከ 130°ሴ ግን በደቂቃ 1°ሴ። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለቶቹ ከላሉ በኋላ እስከ 120°ሴ ባለው መንገድ የቀለሙ አብዛኛው ክፍል ከውሃው ወደ ፋይበሩ ይሄዳል። ሙቀቱ ከፈጠነ ውሃው መጀመሪያ የሚያገኘው የጨርቁ ክፍል ቀለሙን ጠጥቶ ይጨርሳል፤ ውስጠኛው እጥፋት ፈዞ ይቀራል። ትልቅ ማሽን ላይ ውሃው ጨርቁን አንድ ጊዜ ለመዞር ብዙ ጊዜ የሚወስድበት ከሆነ በደቂቃ 1°ሴም ፈጣን ሊሆን ይችላል።

ማይክሮፋይበር ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያዝግሙ። ገጹ በግራም የሚያድገው የዴሲቴክሱ ካሬ ሥር በሚቀንስበት ልክ ነው። ከ1.5 ወደ 0.5 ዴሲቴክስ ሲወርዱ የአንድ ግራም ገጽ 1.7 እጥፍ ይሆናል፤ ቀለሙም በዚያው ልክ ይሽቀዳደማል። በተጨማሪም ሰፊ ገጽ ብዙ ብርሃን ስለሚመልስ ያንኑ ጥቁረት ለማግኘት ተጨማሪ ቀለም ይጠይቃል።

8. በ130°ሴ ያቆዩ። እስከ 0.5 በመቶ ለሆነ ፈዛዛ ቀለም 30 ደቂቃ፣ እስከ 2 በመቶ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ 60 ደቂቃ። ውሃው ጠርቷል ብለው አያቋርጡ። የጠራ ውሃ ቀለሙ ከውሃው መውጣቱን እንጂ ፋይበሩ ውስጥ መግባቱን አይነግርም። ስርገት ደግሞ ጊዜ አይራራለትም፤ ቀለሙ እጥፍ ጥልቀት ለመግባት አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ ቆይታ ሌላም ጥቅም አለው። በደረጃ 7 ትንሽ ዥንጉርጉር የወጣ ጨርቅ ቀለሙ ከበዛበት እየወጣ ወደ ጎደለበት ስለሚገባ በተወሰነ መጠን ይስተካከላል።

9. ቀስ ብለው ያቀዝቅዙ። በደቂቃ 1–2°ሴ እየቀነሱ እስከ 75°ሴ ያውርዱና ከዚያ ብቻ ይክፈቱ። ጨርቁ በሙቀት ልል ሆኖ ሳለ በድንገት ከቀዘቀዘ እጥፋቱ እንዳለ ይደርቅና በካውያም አይለቅም።

10. የገጹን ቀለም ያስወግዱ። ጨርቁን በሙቅ ውሃ ካለቀለቁ በኋላ በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ 0.4 ግራም ኮስቲክ ሶዳ አሟሙተው 60°ሴ ያድርሱ፤ 0.4 ግራም ሃይድሮሰልፋይት ይጨምሩ፤ ወዲያው ጨርቁን አስገብተው በ75°ሴ ለ20 ደቂቃ ያንቀሳቅሱ። ሃይድሮሰልፋይት አየር ስለሚበላው አስቀድሞ ማሟሟት አያዋጣም።

ሃይድሮሰልፋይት አዞ (azo) የሚባሉትን ቀለሞች ድርብ የናይትሮጅን ትስስር ይበጥሳል፤ አንትራኪኖን የሚባሉትን ደግሞ በአልካሊ ወደሚሟሟ መልክ ይለውጣል። «ታዲያ ውስጥ ያለውን ቀለምስ አያጠፋም?» የሚሉ አሉ። አያጠፋም፤ ምክንያቱም ሃይድሮሰልፋይቱም ኮስቲኩም ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ አዮኖች ናቸው። ውሃ የማይወደውና ከ80°ሴ በታች የተዘጋው ፖሊስተር አያስገባቸውም። ገጹን ብቻ ይጠርጋሉ። ሙቀቱን ከ80°ሴ ካሳለፉት ግን ውስጥ ያለው ቀለም ራሱ ወደ ውጭ መውጣት ስለሚጀምር ጥበቃው ይላላል። ከዚያ በሙቅና በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አለቅልቀው በመጨረሻው ውሃ ላይ በሊትር 0.5 ግራም አሴቲክ አሲድ ይጨምሩ። ከ0.5 በመቶ በታች ለሆኑ ፈዛዛ ቀለሞች ይህን ሁሉ ትተው በማጠቢያ ቢያጥቡ ይበቃል።

11. ቀለሙ መግባቱን ያረጋግጡ። 1 ግራም ያህል የደረቀ ናሙና በ20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ አሴቶን ውስጥ ለ1 ደቂቃ ነቅንቀው ያውጡ። አሴቶኑ ውስጥ የታየው ቀለም ገጹ ላይ የነበረው ነው። አሴቶኑ ከቀለመ ደረጃ 10ን ይድገሙ። ደጋግመውትም ከቀለመ ጥፋቱ ከእጥበቱ ሳይሆን ከደረጃ 7 ወይም 8 ነው። ማይክሮስኮፕ ካለዎት የፋይበር ጥቅል ቡሽ ውስጥ ሰክተው በምላጭ በስሱ ይቁረጡና በ400 እጥፍ አጉልተው ይዩት። መሃሉ ነጭ ሆኖ ዙሪያው ብቻ ቀለበት ከሠራ የቆይታው ጊዜ ወይም ሙቀቱ አልበቃም።

12. ስንት ከመቶ እንደተወሰደ ይለኩ። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው የማቅለሚያ ውሃ ናሙና ወስደው በእኩል አሴቶንና ውሃ ድብልቅ ያቅጥኑ። የተበጠበጠውን ውሃ በቀጥታ ስፔክትሮፎቶሜትር ውስጥ ማስገባት ዋጋ የለውም፤ ቅንጣቶቹ ብርሃኑን ስለሚበትኑት ንባቡ የቀለም መጠን አይሆንም። ንጹህ አሴቶንም አይሆንም፤ አብዛኛው በታኝ እዚያ አይሟሟምና ያደፈርሰዋል። ንባቡ ከ0.2 እስከ 0.8 መካከል እንዲወድቅ የማቅጠኛውን መጠን ይምረጡ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ቀጥኖ 0.62 ቢያነብ፣ 0.62 × 100 = 62 ይሆናል። የመጨረሻው 5 ሚሊ ሊትር ወደ 25 ቀጥኖ 0.31 ቢያነብ፣ 0.31 × 5 = 1.55። የተወሰደው (62 − 1.55) ÷ 62 = 97.5 በመቶ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀለም ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስለሚረጋ ግድግዳውን በድብልቁ አጥበው ከመጨረሻው ናሙና ጋር ይቁጠሩት፤ አለበለዚያ ፋይበሩ ያልወሰደውን ወሰደ ይላሉ። ይህ ቁጥር የገጹንም የውስጡንም አንድ ላይ ስለሚቆጥር ያለ ደረጃ 11 ብቻውን አይታመንም።

የቀለምዎን ጣሪያ ለማወቅ ከፈለጉ በ0.5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና 6 በመቶ ስድስት ሲሊንደር አቅልመው በአንድ ግራም ፋይበር የተያዘውን ሚሊ ግራም ውሃው ውስጥ ከቀረው አንጻር ይሳሉ። ዲስፐርስ ቀለም በፖሊስተር ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ ቀለሙ ውሃውና ፋይበሩ ውስጥ በሁለት አሟሚዎች መካከል እንዳለ ይከፋፈላልና። መስመሩ የሚጎብጥበት ነጥብ ፋይበሩ የጠገበበት ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምሩት ቀለም ገጹ ላይ ይቀራል፣ በእጥበትም ይሄዳል። በ60 ደቂቃ የተሠራ ሙከራ ሚዛን ላይ የደረሰ ስላልሆነ ለንድፈ ሐሳብ አይጥቀሱት፤ ለሥራ ግን ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ

- በ130°ሴ ውስጥ ያለው እንፋሎት ፍጹም ግፊቱ 2.7 ባር ገደማ ነው። ከ100°ሴ በላይ የተከፈተ ሲሊንደር የሚፈላ ውሃ ይረጫል። ቴርሞሜትሩን ሳያዩ ክዳን አይንኩ።
- የምግብ ፕሬዠር ኩከር ለዚህ ሥራ አይጠቀሙ። ሙቀቱ ከ120°ሴ እምብዛም አይዘልም፤ ቀለም የነካው ዕቃም ዳግመኛ ለምግብ አይሆንም።
- የሃይድሮሰልፋይት ዱቄት ጥቂት እርጥበት ሲነካው ራሱን በራሱ አሙቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ዱቄቱን ወደ ብዙ ውሃ ይጨምሩ እንጂ ውሃ ወደ ዱቄቱ አያፍሱ። ዱቄቱን በደረቅ ማንኪያ ይቅዱ።
- ሃይድሮሰልፋይት ካለበት ውሃ ላይ አሲድ አይጨምሩ፤ ሳንባ የሚያቃጥል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በደረጃ 10 ከአሲዱ በፊት ያለው ማለቅለቅ ለዚህም ነው።
- አሴቶን እሳት ይስባል። ማሞቂያ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አይሥሩበት።
- የዲስፐርስ ቀለም ዱቄት አይተንፍሱ፤ በቆዳም አይንኩ። ከእነዚህ ቀለሞች አንዳንዶቹ የቆዳ አለርጂ ያስነሳሉ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጥቃቅን ነጥቦች ከታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቀለሙ በሙቅ ውሃ መበጥበጡ ነው፤ ቀጥሎ ጠንካራ ውሃ፣ ቀጥሎ የቀረ ማጠቢያ። ነጥቡ በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ሲታሽ ከለቀቀ ገጹ ላይ የተቀመጠ ቅንጣት ነው፤ ካልለቀቀ ግን ከዘይት የመጣ ነው።

ጨርቁ ላይ ወይም ማሽኑ ውስጥ ነጭ አመድ መሳይ ብናኝ ከታየ ቀለም አይደለም። ፖሊስተሩ ሲሠራ ውስጡ የቀሩ አጫጭር ቀለበታማ ሞለኪውሎች በ130°ሴ ወጥተው ውሃው ሲቀዘቅዝ ረግተዋል። ማሽኑ በከፍተኛ ሙቀት ውሃ ማስወጣት እንዲችል ሆኖ የተሠራ ከሆነ ውሃውን በሙቁ ያስወጡ፤ ካልሆነ ያለ ምክንያት ከ60 ደቂቃ በላይ አያቆዩ። የደረጃ 10 አልካሊም ያግዛል።

ሁለት ቀለም ሲቀላቀል አንዱ ቀድሞ ከገባና ሌላው ከቀረ የሞለኪውሎቹ መጠን አይመጣጠንም ማለት ነው። ትንሹ ሞለኪውል በፍጥነት ይሰርጋል፤ ትልቁ ይዘገያል። ከአንድ የኢነርጂ ክፍል (በሞለኪውል መጠናቸውና በሙቀት በመትነናቸው ከሚቀራረቡ) ያሉ ቀለሞችን ብቻ ይቀላቅሉ። ትንንሾቹ ወጥ ለመሆን ቀላል ናቸው፤ ግን በደረቅ ሙቀት ተንነው ይወጣሉ። ጨርቁ በኋላ በ180°ሴ የሚረጋ ከሆነ ትልልቆቹን ይምረጡ።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር፦ ፈተናውን ያለፈ ጨርቅ ከመጨረሻው ማርጊያ በኋላ ቀለም መልቀቅ ሊጀምር ይችላል። በደረቅ ሙቀት ሰንሰለቶቹ እንደገና ይላላሉ፤ ገጹ ላይ ማለስለሻ ከተቀባ ደግሞ ቀለሙ ከፋይበሩ ወደ ማለስለሻው ይወጣል። ስለዚህ የመታሸትና የመታጠብ ፈተናው ከማርጊያው በኋላ ይሠራ፤ ሙቀቱም ሥራው ከሚጠይቀው በላይ አይውጣ።

የግፊት ማሽን ከሌለ

በሚፈላ ውሃ ማቅለም የሚቻለው ፋይበሩ ገብቶ ሰንሰለቶቹን የሚያላላ ካሪየር የሚባል ኬሚካል ሲጨመር ነው፤ ለዚያውም በትንንሽ ሞለኪውል ቀለሞችና በፈዛዛ ወይም በመካከለኛ ድምቀት። መጠኑን ከአምራቹ ወረቀት ይውሰዱ፤ ካሪየሮች በመጠን ይለያያሉ። ክዳኑ ላይ ተንኖ ተመልሶ የሚንጠባጠበው ካሪየር ጨርቁን ያጠቁራል፤ ፋይበሩ ውስጥ የሚቀረው ደግሞ ቀለሙ በፀሐይ ቶሎ እንዲፈዝ ያደርጋል። ስለዚህ በመጨረሻ በደረቅ ሙቀት ማስወጣት ግድ ነው። ጢሱና ሽታው ጤና ይጎዳል፤ ማራገቢያ በሌለበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ማሽን ማግኘት የሚቻል ከሆነ ይህን መንገድ ይተውት።

ናይለንና አክሪሊክ ሲሆን

ከላይ ያለውን አሠራር እንዳለ ወደ እነዚህ አይውሰዱ፤ ገጹና ቀለሙ የሚያያዙበት መንገድ ሌላ ነው። ናይለን በሰንሰለቱ ጫፍ አሚን አለው። አሚኑ በአሲድ ውስጥ ፖዘቲቭ ሲሆን ኔጌቲቭ የሆነውን አሲድ ቀለም ይስባል። መቀመጫው የተቆጠረ ስለሆነ መስመሩ ቀጥ አይልም፤ መቀመጫው ሲሞላ ይተኛል። ሁለት አሲድ ቀለሞች ሲቀላቀሉ ለአንድ መቀመጫ ይሻማሉ፤ ጠንካራው ደካማውን ያስወጣል። እዚህ ፍጥነቱን የሚገዛው ከሙቀቱ ይልቅ ፒኤቹ ነው፦ ለፈዛዛ ቀለም ከ6–7 ጀምረው ቀስ ብለው ያውርዱ፤ ለጥቁር ከ4–5። ከ100°ሴ በላይ መሄድ አያስፈልግም።

አክሪሊክ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ኔጌቲቭ መቀመጫ ስላለው ፖዘቲቭ የሆነ ካቲዮኒክ ቀለም ይወስዳል፤ አኒዮኒክ በታኝ አይጨመርበትም፤ ከቀለሙ ጋር ተጣምሮ ይረጋልና። ከ80°ሴ በላይ አያያዙ እጅግ ፈጣን ነው፤ አንዴ የተቀመጠ ሞለኪውልም በቀላሉ አይንቀሳቀስም። በፖሊስተር ደረጃ 8 ላይ የነበረው የማስተካከል ዕድል እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ከ80 እስከ 100°ሴ በየ2 እስከ 4 ደቂቃው 1°ሴ ብቻ ይጨምሩ፤ መቀመጫዎቹን ለጊዜው የሚይዝ ካቲዮኒክ ማዘግያም ይጠቀሙ። ሲያበቃም እስከ 60°ሴ በደቂቃ ከ1°ሴ ባልበለጠ ያቀዝቅዙት፤ ከፖሊስተሩ ይበልጥ እጥፋት ይይዛል።